መልስ፦ የመልሕቅ ሰንሰለትና ገመድ ለ5 ሜትር ጀልባ

6 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ ገመድ ብቻ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይበቃም። መልሕቅ መሬቱን የሚነክሰው ወደ ጎን ሲሳብ ነው፤ ሰንሰለት ከሌለ ግን ገመዱ ወደ ላይ ይነቅለዋል። ከመልሕቁ ቀጥሎ ዚንክ የተቀባ የ6 ሚሊሜትር ሰንሰለት፣ ከ4 እስከ 5 ሜትር ያስገቡ። ሰንሰለቱ ድንጋይ ገመዱን እንዳይበላውም ይከላከላል።

ገመዱ የ10 ሚሊሜትር ናይሎን ይሁን። ናይሎን ስለሚለጠጥ የማዕበሉን ንጥቂያ ያለዝባል፤ ከመጠን በላይ ማወፈር ብልህነት ቢመስልም መለጠጡን ይቀንሰዋል። ፖሊፕሮፒሊን የተባለው የፕላስቲክ ገመድ ርካሽ ነው፤ ግን ይንሳፈፋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ የሞተር ፕሮፔለር ላይም ይጠመጠማል። ለዚህ ሥራ አልመክረውም።

ርዝመቱ ላይ ብዙዎች የጀልባው አፍንጫ ከውሃው በላይ ያለውን ከፍታ ይረሳሉ። 6 ሜትር ጥልቀትና 1 ሜትር ከፍታ 7 ሜትር ነው፤ የሚለቀቀው የዚህ 7 እጥፍ ስለሆነ፣ በ7 ሲባዛ 49። ስለዚህ ሰንሰለቱን ጨምሮ 50 ሜትር ይያዙ። ነፋስ በሌለበት ቀን 5 እጥፉን፣ ማለትም 35 ሜትር መልቀቅ ይበቃል።

ሰንሰለቱን ከመልሕቁ ጋር የሚያገናኘውን የብረት ማያያዣ ሲመርጡ ብሎኑ በሰንሰለቱ ቀለበት ውስጥ የሚያልፈውን ትልቁን ይውሰዱ፤ ብሎኑንም እንዳይዞር በሽቦ ይጠፍሩት፣ አለዚያ በንቅናቄ ብዛት ይፈታል። የገመዱን ሌላኛውን ጫፍ ከጀልባው ጋር ማሰርዎን ደግሞ መልሕቁን ከመጣልዎ በፊት ይዩ፤ ሳያስር የሚጥል ጥቂት አይደለም።