የመኝታ መኪና ይዞ ወደ ጮቄና ወደ ስሜን ተራሮች

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ የምንኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ለሥራ ስንገለገልበት የቆየነውን ሚኒባስ የኋላ ወንበሮቹን አንሥተን፣ የእንጨት አልጋ አሠርተን መጋረጃ ሰቅለንለታል። በጥር መጨረሻ ልጆቻችን ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ሲወጡ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና የ68 ዓመት አዛውንት የሆኑት እናቴ ዐሥር ቀን ወስደን፣ መጀመሪያ ጮቄ ላይ አድረን፣ ከዚያም በባሕር ዳርና በጎንደር በኩል ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመጓዝ አስበናል። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ለሌሊቱ ብርድ የከሰል ምድጃ ለመያዝ አቅደናል። ጉዞውን እንዴት ብናደራጀው ይሻላል?
ጠያቂዎ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ ከጥያቄዎ መጨረሻ ልነሣ፤ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነውና። የከሰል ምድጃውን ፍሙ የጠፋ ቢመስል እንኳ በምንም ምክንያት ወደሚተኙበት መኪና አያስገቡት። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ለሙቀት ብሎ ሞተር አስነሥቶ መተኛትም እንዲሁ የተከለከለ ይሁን። ብርዱን የሚመክተው ጋቢና ብርድ ልብስ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን ከሥር የሚነጠፈው ወፍራም ስፖንጅ ነው፣ ምክንያቱም ቅዝቃዜው ከመኪናው ወለል ወደ ጀርባ ይወጣል። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፍተው ይደሩ፤ አለዚያ አምስት ሰው ሲተነፍስ ያደረው እርጥበት ልብሱን ሁሉ ያረጥብብዎታል።

ወደ መንገዱ ስንመጣ፣ የተራራ ጉዞ የሚታቀደው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በከፍታ፣ ይልቁንም በሚታደርበት ቦታ ከፍታ ነው። ሰውነት ስስ አየርን የሚለምደው በዝግታ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን የማደሪያውን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የሚመከረውም ለዚህ ነው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ቤተሰብዎ ከቆላ ሰው የተሻለ መነሻ አለው። ይሁን እንጂ ከዚያ ተነሥቶ በመጀመሪያው ሌሊት ከ4,000 ሜትር በላይ በሚዘልቀው ጮቄ ላይ ማደር ትክክል አይመስለኝም። ጮቄን በቀን ይዩት፤ ማለዳ በሮብ ገበያ በኩል ወጥተው፣ ልጆቹ ጅብራ የተባለውን ረጅም የደጋ ተክልና ወደ ዓባይ የሚወርዱትን ምንጮች አይተው፣ ለአዳር ወደ ቤትዎ ይመለሱ። ይህም መኪናውን ለመፈተሽ የሚገኝ ምርጥ አጋጣሚ ነው፤ የጎደለው ነገር የሚታወቀው ጎንደር ከተደረሰ በኋላ ሳይሆን ቤት አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። ደግሞም ጮቄ እንደ ስሜን የተከለሉ የካምፕ ቦታዎች ያሉት ፓርክ አይደለም፤ ገበሬው እስከ ላይ ድረስ ገብስና ድንች የሚዘራበት፣ ከብት የሚያሰማራበት አገር ስለሆነ መኪና ለማቆም የባለመሬቱን ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በሁለተኛው ቀን ወደ ባሕር ዳር ይንዱ፤ መንገዱ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ምሳውን እንጅባራ አጠገብ ካለው ከዘንገና ሐይቅ ዳር ቢያደርጉት ድካሙ ይቀልላል። ሦስተኛው አዳር ጎንደር፣ አራተኛው ደባርቅ ይሁን። ደባርቅን በአንድ ቀን አልፈው ወደ ፓርኩ ለመግባት አይቸኩሉ፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤትም ምዝገባውም ያለው እዚያው ነው፣ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ማደሩም ለቀጣዩ ከፍታ ያዘጋጃል። ከዚያ በኋላ በፓርኩ ውስጥ 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ባለው ሳንቃ በር በተባለው የካምፕ ቦታ ሁለት ሌሊት፣ 3,600 ሜትር በሚሆነው ጭንቅ በተባለው ካምፕ አንድ ሌሊት አድረው፣ የመጨረሻዎቹን ቀናት በጎንደርና በባሕር ዳር ለመመለሻ ያውሏቸው። ሳንቃ በር ላይ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ፣ ጭንቅ ላይ ደግሞ በዓለም ላይ ከዚህ ተራራ በቀር የትም በዱር የማይኖረው ዋልያ ይታያል፤ ልጆች ዋልያን በጠዋት ገደል ላይ ቆሞ እንዲያዩት ማድረግ ለዚህ ሁሉ ድካም የሚበቃ ምክንያት ነው።

እናትዎን በተመለከተ፣ ከመነሣትዎ በፊት ሐኪማቸው የጉዞውን ከፍታ አውቆ መድኃኒታቸውን እንዲያይ ያድርጉ። ቢፈቅድላቸውም ጭንቅ ላይ ባያድሩ እመርጣለሁ፤ ያን ዕለት ከባለቤትዎ ጋር ደባርቅ ሊቆዩ ይችላሉ። ማንኛችሁም ብትሆኑ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ከጀመራችሁ ከዚያ በላይ አትውጡ። ሕመሙ ከባሰ፣ ወይም ሰው ሲራመድ ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ማውረድ ነው መፍትሔው።

ሚኒባሱም እንደ ሰው አየር ያጥረዋል። ተርቦ (አየር እየጨመቀ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ ዐሥረኛ ያህል ጉልበቱን ስለሚያጣ ጭንቅ ካምፕ ሲደርሱ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን አጥቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ጭነት ይቀንሱ፣ የውኃ ጀሪካኑንም ከጣሪያ ላይ ሳይሆን ከወለሉ ላይ ያድርጉት። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረዱ እንጂ ፍሬን ላይ ብቻ አይደገፉ። በፓርኩ ውስጥ ማደያ የለም። ከመነሣትዎ በፊት ባለው ሳምንት የመስመሩን ጸጥታ በየከተማው ካሉ አስተዳደሮችና በዚያው ከሚመላለሱ ሾፌሮች ያጣሩ፤ መልሱ አጥጋቢ ካልሆነ ቤተሰብ ይዞ መውጣት አይገባምና ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

ለምግብ በሶ፣ ቆሎና ሽሮ ከሁሉ ይሻላሉ፤ በ3,600 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ ምስርም ባቄላም ቶሎ አይበስልም። ማገዶ ከፓርኩ አይልቀሙ። ጥር ሣሩ የሚደርቅበት ወር ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ የተነሣው እሳት ያን የመሰለ የጓሳ ሣርና የአስታ ዛፍ እንዴት እንደበላው ስናስብ፣ አንዲት ፍም እንኳ ሜዳ ላይ ትቶ መሄድ ያስፈራል። ምድጃውን በባዶ መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ሲጨርሱ አመዱን በውኃ ያጥፉት።

አንድ ነገር ከአልጋው ሥራ በፊት ቢታሰብ መልካም ነበር፤ አሁንም አልረፈደም። በፓርኩ ውስጥ የታጠቀ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ከእርስዎ ጋር መጓዝ ግዴታ ስለሆነ ካነሧቸው ወንበሮች አንዱን መልሰው ያስገቡ፤ ስንቅና ብርድ ልብስ ሲቆጥሩም ለስድስት ሰው ይቁጠሩ።