«እዚህ አገር የሌለ ሕክምና ተምረሽ ምን ልትሆኚ?»

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጎንደር አራተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነሽ። ታናሽ ወንድምሽ የሚጥል በሽታ አለበት፤ በጣለው ቁጥር ክብሪት እያሸተቱት ነው ያደገው። አንቺ የዚህን በሽታ የጂን ሕክምና መማር ትፈልጊያለሽ። አባትሽ ግን «እዚህ አገር የሌለ ሕክምና ተምረሽ ምን ልትሆኚ? ፋርማሲ ክፈቺና ታናናሾችሽን አስተምሪ» ብለዋል።

አባትሽ በግማሽ ልክ ናቸው። ድራቬ ሲንድሮም የሚባለውን የሚጥል በሽታ ዓይነት ለምሳሌ ውሰጂ። ሕፃኑ ዓመት ሳይሞላው፣ ብዙ ጊዜ ትኩሳት ሲይዘው፣ ለረጅም ደቂቃ ያንቀጠቅጠዋል። በአብዛኞቹ ልጆች ምክንያቱ ኤስሲኤን1ኤ በሚባል ጂን ላይ ያለ ለውጥ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2001 ታወቀ። ከጂኑ ሁለት ቅጂዎች አንዱ ሲበላሽ አንጎልን የሚያረጋጉት ነርቮች ይደክማሉ። አሁን ዞሬቩነርሰን የሚባል፣ በወገብ በኩል የሚወጋ መድኃኒት እየተሞከረ ነው፤ ደህነኛው ቅጂ አብዝቶ ፕሮቲን እንዲያመርት ያደርጋል። እሱ ነገ ጎንደር አይደርስም።

ግን ያው እውቀት ካርባማዜፒን የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት በእነዚህ ልጆች ላይ ሕመሙን ብዙ ጊዜ እንደሚያባብሰውም ይነግርሻል። ካርባማዜፒን እኮ እዚሁ መደርደሪያችን ላይ ያለ ነው! ማንቀጥቀጡ በቫይታሚን ቢ6 ብቻ የሚቆምላቸው ሕፃናትም አሉ። ይሄ ነው «የሌለ ሕክምና»?

እኔ ስድስት ዓመት በሆስፒታል ፋርማሲ መስኮት መድኃኒት አድያለሁ። አንዲት እናት «ይሄ ካርባማዜፒን ልጄን አባሰብኝ» እያለች ትመጣ ነበር። «ሳያቋርጥ ይውሰድ» እያልኩ መለስኳት። የልጁ ሕመም ምን እንደነበር ማንም አልመረመረም። ቤተ ሙከራ የገባሁት በ34 ዓመቴ ነው። ያቺን እናት ዛሬም አስባታለሁ።

ገንዘቡን በግልጽ ልናገር። ታናናሾችሽን ማስተማር የወላጅ ኃላፊነት ነው፤ የበኩር ልጅ ዕዳ አይደለም። ፋርማሲስ በምን ካፒታል ይከፈታል? በብድር ከሆነ ከፋይዋ አንቺ ነሽ። ከደሞዝሽ የአቅምሽን ላኪ፤ ዕድሜሽን ግን አታስይዢ።

ስትመረቂ የነርቭ ክሊኒክ ባለበት ሆስፒታል ሁለት ዓመት ሥሪ። ሕመምተኛውን ሳታውቂ ጂኑን ማወቅ አይጠቅምሽም። ከዚያ ባዮኢንፎርማቲክስ፣ ማለትም የጂን መረጃን መተንተን፣ ተማሪ፤ ሥራው በኮምፒውተር ነው፣ ውድ ማሽን እስኪገዛልሽ አትጠብቂም። የዓለም የጂን መዝገቦች በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች የተሞሉ ናቸው። የኛ ልጅ ጂን ላይ ለውጥ ሲገኝ በሽታ አምጪ ይሁን የተለመደ ለመለየት ያስቸግራል። ያን ክፍተት የሚሞላ ሰው እንፈልጋለን።

በደብዳቤሽ የጻፍሻት የኬሚስትሪ «ሲ» ውጤት አታስጨንቅሽ፤ ስታትስቲክስሽን አጠንክሪ። ውጭ መሄዱ ለዶክትሬት ይቆይ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ከወንድምሽ ጋር ሐኪሙ ዘንድ ሂጂ። በስንት ዓመቱ እንደጀመረው፣ ትኩሳት እንደነበረው፣ የትኛው መድኃኒት እንዳሻለው፣ የትኛው እንዳባሰው ጽፈሽ ያዢ። መድኃኒቱን ግን በራስሽ እንዳታቋርጪበት። ክብሪቱንም ይተዉት፤ ሲጥለው በጎኑ ያስተኙትና ሰዓት ይያዙ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።