ቀን፣ ሰዓትና የሰዓት ሰቅ በሞባይል አፕ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ቀን አጻጻፍና ስለ ሰዓት ሰቅ የቸገራችሁን ጠይቁ፤ በየተራ እመልሳለሁ። ስትጠይቁ የምትሠሩበትን ቋንቋ፣ ከሰርቨር የመጣውን እሴት ሳትነኩት፣ ስልኩ የተሞላበትንም የሰዓት ሰቅ ጻፉልኝ። አንዱ ከጎደለ መልሴ ግምት ይሆናል። እንዳንደናገር ሰዓቶቹን ሁሉ በ24 ሰዓት አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። በሪአክት ኔቲቭ ነው የምሠራው። የልደት ቀን ከሰርቨር 1990-03-10 ተብሎ ይመጣል፤ አንዳንድ ስልክ ላይ ግን ማርች 9 ሆኖ ይታያል። ኮዱ ያው ነው፤ ለምን?

መልስ፦ ጃቫስክሪፕት ሰዓት የሌለውን እንዲህ ያለ ቀን ሲያነብ የዩቲሲ (የዓለም የጋራ መነሻ ሰዓት) እኩለ ሌሊት አድርጎ ይወስደዋል። ከግሪንዊች በስተምዕራብ ባለ ስልክ ላይ ያ ቅጽበት ገና የዋዜማው ምሽት ነው፤ ኒውዮርክ ላይ ማርች 9፣ 19:00 ይሆናል። አንዳንዶች በእኩለ ሌሊት ፋንታ 12:00 እያደረጉ ያልፉታል። አታድርጊው እህቴ፤ ኒውዚላንድ ላይ ደግሞ ወደ ማርች 11 ያሻግረዋል።

ልደት ቅጽበት አይደለም፤ ቀን ብቻ ነው፣ ሰቅም የለውም። ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን እንደ ሦስት ቁጥር ያዥው፣ እንደዚያው አሳዪው። የጃቫስክሪፕት ወር ከ0 ስለሚጀምር የማርች ቁጥር 2 መሆኑንም ልብ በይ። በኮትሊን (የአንድሮይድ ቋንቋ) ለዚሁ የተሠራው ሎካልዴት ነው።

ጥያቄ፦ ትናንት የተላከ መልእክት በአንድሮይድ ጃንዋሪ 1970፣ በአይኦኤስ ደግሞ ከ30 ዓመት በኋላ ይላል።

መልስ፦ የመጣውን ቁጥር አሃዝ ቁጠር። 10 አሃዝ ከሆነ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው፤ 13 ከሆነ ሚሊሰከንድ። ጃቫና ኮትሊን ሚሊሰከንድ ሲጠብቁ ሰከንድ ከሰጠሃቸው ጃንዋሪ 1970 ላይ ያርፋሉ፤ በ1,000 አባዛው።

የአይኦኤሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የስዊፍት (የአይኦኤስ ቋንቋ) ጄሶን ዲኮደር፣ ማለትም ከሰርቨር የመጣውን ዳታ የሚያነበው፣ ካልነገርከው በቀር ቁጥሩን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2001 ጀምሮ እንደተቆጠረ ያየዋል። በሁለቱ መነሻዎች መካከል 978,307,200 ሰከንድ አለ፤ 31 ዓመት ማለት ነው። ዲኮደሩ ላይ የቀን አነባበብ ስልቱን ከ1970 ጀምሮ በሚቆጥረው ቀይር።

ጥያቄ፦ በዲሴምበር የመጨረሻ ቀናት ዓመቱ በአንድ ይጨምራል። ጃንዋሪ ሲገባ ራሱ ይስተካከላል።

መልስ፦ ቀኑ በሚጻፍበት ፎርማት ላይ ትልቁን ዋይ (Y) ጽፈሃል። ትልቁ ዋይ ሳምንቱ የሚቆጠርበትን ዓመት ይሰጣል፤ ትንሹ ነው የቀን መቁጠሪያውን ዓመት የሚሰጠው። ዲሴምበር 31 ቀን 2024 የ2025 የመጀመሪያ ሳምንት ውስጥ ስለሚወድቅ 2025 ተብሎ ይጻፋል። ዓመቱን ሙሉ ትክክል የሚመስል ስህተት ስለሆነ በፍተሻ ጊዜ አይያዝም። እግረ መንገድህን ሌሎቹንም እይ፦ ትልቁ ኤም ወር፣ ትንሹ ደቂቃ፤ ትልቁ ዲ ከዓመቱ ስንተኛው ቀን፣ ትንሹ የወሩ ቀን፤ ትልቁ ኤች የ24፣ ትንሹ የ12 ሰዓት አቆጣጠር።

ጥያቄ፦ አይኦኤስ ላይ በዴትፎርማተር የማነበው ስትሪንግ በእኔ ስልክ ይሠራል፣ በጥቂት ተጠቃሚዎች ላይ ኒል (ባዶ) ይመልሳል።

መልስ፦ ፎርማተሩ የስልኩን ምርጫ ይከተላል። ተጠቃሚው የ12/24 ሰዓት ምርጫውን ከቀየረ ፎርማትህን ሊሽረው ይችላል፤ የቡድሂስት ካላንደር ከመረጠ ደግሞ 2024 ለእርሱ 2567 ነው። ለሰርቨር የሚሆነውን ፎርማተር ከማሳያው ለይ፤ ሎኬሉን (የቋንቋና የአገር ምርጫውን) በስልኩ ምርጫ የማይለወጠው የአሜሪካ እንግሊዝኛ ፖዚክስ፣ ሰቁን ዩቲሲ አድርገህ እሰረው። ለሰው ዓይን የሚቀርበውን ግን አትሰር፤ 03/04 ለአንዱ ማርች 4፣ ለሌላው ኤፕሪል 3 ነውና ቅርጹን የተጠቃሚው ሎኬል ይምረጥ።

ጥያቄ፦ «ሁሉንም በዩቲሲ አስቀምጥ» ይባላል። ይበቃል?

መልስ፦ ላለፈ ነገር ይበቃል። ክፍያ የተፈጸመበት፣ መልእክት የተላከበት ጊዜ አንድ ቅጽበት ነው፤ በዩቲሲ አስቀምጠው።

ቀጠሮ ግን ሌላ ነው። ሰው ቀጠሮ የሚይዘው ግድግዳው ላይ በሚያየው ሰዓት ነው፤ ያንን ሰዓት ከዩቲሲ ጋር የሚያያይዘው ሕግ ደግሞ በመንግሥት ውሳኔ ይለወጣል። ሜክሲኮ በ2022 በአብዛኛው አገሯ የቀን ብርሃን ቁጠባን፣ ማለትም ሰዓትን በየዓመቱ ለጥቂት ወራት ወደ ፊት መግፋትን አስቀርታለች። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ለጁላይ 2023 በሜክሲኮ ሲቲ 09:00 ቀጠሮ ይዞ ከነበረ፣ አፑ በቁጠባው የ5 ሰዓት ልዩነት አስልቶ 14:00 ዩቲሲ ብሎ ያስቀምጠዋል። ሕጉ ከተለወጠ በኋላ ልዩነቱ 6 ስለሆነ ቀጠሮው 08:00 ተብሎ ይታያል። ኮዱን ማንም አልነካውም፤ ሰውየው ግን ያለሰዓቱ ይሄዳል።

ስለዚህ ለወደፊት ጉዳይ የአካባቢውን ቀንና ሰዓት ከሰቁ ሙሉ መጠሪያ ጋር አስቀምጥ፦ አሜሪካ/ሜክሲኮ ሲቲ እንደሚባለው። ልዩነቱን ብቻ መያዝ ሕጉን አይነግርህም። ምህጻረ ቃልም አትመን፤ አይኤስቲ የህንድም የእስራኤልም የአየርላንድም ነው። ሰርቨሩ ለመደርደርና ማስታወሻ ለመላክ ዩቲሲውን አስልቶ ጎን ለጎን ቢይዝ መልካም ነው፤ የሰቆቹ ዳታቤዝ በታደሰ ቁጥር ግን እንደገና ያስላው።

ጥያቄ፦ ለዕለታዊ ማስታወሻ 86,400 ሰከንድ (24 ሰዓት) እየደመርኩ ነው።

መልስ፦ ቁጠባው በሚጀምርበትና በሚያበቃበት ቀን ይዛነፋል፤ አንዱ ቀን 23፣ ሌላው 25 ሰዓት አለው። በካላንደር «አንድ ቀን» ደምር። ኒውዮርክ ላይ ማርች 10 ቀን 2024፣ 02:30 የሚባል ሰዓት አልነበረም፤ ኖቬምበር 3 ደግሞ 01:30 ሁለት ጊዜ መጥቷል። ጃቫ ታይም (የጃቫ የሰዓት ላይብረሪ) የሌለውን ወደ 03:30 ይገፋዋል፣ ከተደገመው የመጀመሪያውን ይወስዳል። ይህ ለአፕህ ይስማማ እንደሆነ አስቀድመህ ወስን።

ጥያቄ፦ ከፍላተር የላክሁት ሰዓት ሰርቨር ላይ በ3 ሰዓት ተዛብቶ ይገኛል።

መልስ፦ የፍላተር ቋንቋ ዳርት የአካባቢ ሰዓትን ወደ አይኤስኦ 8601 (መደበኛው የቀንና ሰዓት አጻጻፍ) ሲጽፍ ከዩቲሲ ያለውን ልዩነትም፣ ዩቲሲ መሆኑን የሚያሳየውን ዜድም (Z) አይጨምርም። ሰርቨሩ ዩቲሲ መስሎት ይቀበለዋል። መጀመሪያ ወደ ዩቲሲ ለውጥ፣ ከዚያ ጻፍ።

ጥያቄ፦ በምን እንፈትሽ?

መልስ፦ «አሁን»ን ኮዱ ውስጥ በቀጥታ አትጥሩ፤ ሰዓቱን ከውጭ ተቀበሉ፣ በፍተሻ ጊዜ የቆመ ሰዓት ስጡት። ስልኩን ኪሪቲማቲ (14 ሰዓት ወደ ፊት)፣ ካትማንዱ (5:45 ወደ ፊት)፣ ኒውዮርክ ላይ እያደረጋችሁ ሞክሩ። ዲሴምበር 31ን፣ ፌብሩዋሪ 29ን፣ ሁለቱን የቁጠባ ቀናት ጨምሩ። የሳሞአንም ዲሴምበር 30 ቀን 2011 ሞክሩት፤ አገሪቱ የቀን መስመሩን ስትሻገር ያንን ቀን ዘልላዋለች።