ማስተርሱ የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ ፊልድ ውጪ

እህቴ ደብዳቤሽን ደግሜ ነው ያነበብኩት። ከማራኪ በሶሲዮሎጂ ተመርቀሽ አዘዞ ማይክሮፋይናንስ ውስጥ ካሸር ሆነሻል፣ አባትሽ "ማስተርስ ካልሽ ኤምቢኤ ተማሪ፣ የድሃ ቤት ቆጥሮ ማን አለፈለት" ብለውሻል፣ አንቺ ግን ድህነትና ጤና ላይ ሪሰርች መስራት ነው የምትፈልጊው፣ ችግሩ የፕሮፖዛል ርዕስ ጠፋኝ ብለሻል። እንግሊዝኛሽና 28 ዓመት መሙላትሽም አሳስቦሻል።

እኔን የያዘኝ የርዕሱ ነገር ነው። ርዕስ ያጣሽው ስላላነበብሽ አይመስለኝም፣ የሰው ቤት ገብተሽ ስላልጠየቅሽ ነው። እኔ የጀመርኩት ዳታ ሰብሳቢ ሆኜ ነው፣ ማስተርሱ ከዛ በኋላ ነው የመጣው፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ። መጠይቁ የቤቱ ጣራ ከምን ተሰራ ይልሻል፣ ቆርቆሮ ብለሽ ትሞያለሽ፣ ቆርቆሮ ደግሞ የሀብት ደረጃውን ከፍ ያደርገዋል። ቆርቆሮው ግን ልጅየው መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄዶ ባገኘው ብር የተመታ ነው፣ ልጁ ካላዛር የሚባለው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ይዞት ተመልሶ ለህክምናው በሬው ተሽጧል፣ ጎተራው ባዶ ነው። እናትየዋን ትናንት ስንቴ በላችሁ ስትያት "ተመስገን በልተናል" ትልሻለች፣ ጎረቤት ቁጭ ብላ እየሰማች ለእንግዳ ቸገረኝ ማለት ነውር ነዋ። ፎርሙ ላይ ያ ቤት ደህና ነው። ይሄን በአይንሽ ካየሽ ርዕስ ራሱ ይመጣልሻል!

ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህኑንም እይው። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር መክፈል የማይችለውን መንግስት ይሸፍንለታል ተብሎ ነው። ማን አይችልም የሚለውን የሚለየው ግን ቀበሌው ነው፣ እዛ ስብሰባ ላይ ማን ተጠራ ማን ቀረ? የመድህን ደብተሯን ይዛ ጤና ጣቢያ ሄዳ መድኃኒቱን ከውጭ ግዢ የተባለችውስ ብሩን ከየት አመጣች? ከነዚህ አንዱ ብቻ ለአንድ ቴሲስ ይበቃል።

ጎንደር ሆነሽ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። ጤና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ) አሰልጥኖ ህዝቡ ጋ ለመላክ ነበር፣ እዚሁ ሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ ላይም ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ ለጥናት ተብሎ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት ሲመዘገብ ቆይቷል። ስለዚህ የዳታ ሰብሳቢ ማስታወቂያ ሲወጣ አመልክቺ፣ የዓመት ፈቃድሽን ለሱ አውይው፣ ስልክሽ ላይ ኮቦ የሚባለውን የመጠይቅ መሙያ አፕ ተለማመጂ። አሁን ባለው ሁኔታ ገጠር መውጣት ካስቸገረ ከተማው ውስጥም የምትጠይቂው ቤት ሞልቷል። ስራሽን ግን እንዳትለቂ፣ የፊልድ አበል ፕሮጀክት ሲኖር ብቻ የሚመጣ ብር ነው፣ በሱ ቤት ኪራይ አይከፈልም።

አባትሽን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ከደመወዝሽ ግማሹ ለቤት እንደሚሄድ ጽፈሻል፣ እሱን አታቋርጪ፣ ታናናሾችሽ ይማሩበታል። ግን በራስሽ ብር የምትማሪውን ትምህርት እሳቸው የሚመርጡበት ምክንያት አይታየኝም። ኤምቢኤ ይዞ ካንቺ ጎን ካሸር የሆነ ሰው የለም? ምንም ሳትወጂው ሁለት ዓመትና ያን ሁሉ ብር ብታፈሺበት ለቤቱም አይጠቅምም። በአክብሮት ንገሪያቸው፣ ካኮረፉም ትንሽ ያኩርፉ፣ አባት ናቸው ይመለሳሉ።

እንግሊዝኛው በቀን አንድ አብስትራክት (የጥናት አጭር ማጠቃለያ) እያነበብሽ ይስተካከላል፣ ቃለ መጠይቁ እንደሆነ በአማርኛ ነው። ዕድሜሽ ደግሞ ምንም አይደለም፣ ፊልድ ላይ እንደውም ይጠቅምሻል፣ ስለ ወሊድና ስለ ቤት ችግር ሲሆን እናቶች ለ20 ዓመት ልጅ የማይነግሩትን ላንቺ ይነግሩሻል።