ከትንሽ ልጅ ጋር የድሮ ሳይንስ ፊክሽን ለማየት የቱን ልምረጥ? ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ሰላም ናችሁ ወላጆች፣ ከልጆቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ የድሮ ሳይንስ ፊክሽን (ስለ ጠፈር፣ ስለ ሮቦትና ስለ ሌላ ዓለም ፍጡር የሚያወራ ፊልም) እንደምናይ ካወራሁ ወዲህ ብዙ ሰው እየጠየቀኝ ስለሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ያህል ልመልስ። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ቪዲዮ ቤት እየተጋፋሁ ነው ያደግኩት፣ አሁን የ6 ዓመት ሴትና የ9 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጥያቄ፦ ልጄ ገና 5 ዓመቱ ነው፣ በየቱ ልጀምርለት?

መልስ፦ በጣም አጭሩና በጣም አሮጌው ይሻላል እህቴ። ጆርጅ ሜሊየስ የሚባል ፈረንሳዊ በ1902 የሰራው "ጉዞ ወደ ጨረቃ" አለ፣ ሩብ ሰዓት አካባቢ ነው፣ ድምፅ አልባ ስለሆነ ቁጭ ብለሽ የምትተረጉሚው ነገር የለም። ጨረቃዋ የሰው ፊት አላት፣ ሮኬቱ ሄዶ አይኗ ላይ ስክት ይላል፣ እዛ ያሉትን ፍጡሮች ደግሞ ሰዎቹ በጃንጥላ ሲመቷቸው ቡን ብለው ጭስ ይሆናሉ። የኔዋ በጭሱ ስትስቅ ቆየችና አይኑ ጋ ስንመለስ "አባ አሟታል አይደል?" አለችኝ። በማግስቱ ሜሊየስ እንዴት እንደሰራው አሳየኋት፣ ካሜራውን አቁሞ ሰውየውን ያስወጣና ጭሱን አስገብቶ መቅረፅ ይቀጥላል፣ በቃ ይኸው ነው። እኛም በስልክ ሳሎን ውስጥ ሞከርነው፣ ፖዝ ሳደርግ ከሶፋው ወርዳ መጋረጃ ጀርባ ትገባለች፣ ስቀጥል ሶፋው ባዶ ነው፣ ቪዲዮውን ስታይ እንዴት እንደጮኸች! ከዛ ወዲህ የሚያስፈራ ነገር ስታይ "ይሄንንስ እንዴት ሰሩት?" ነው የምትለው።

ጥያቄ፦ ኢቲን ለ6 ዓመት ልጄ አሳየሁት፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰብኝ። ጥፋት ሰራሁ ማለት ነው?

መልስ፦ አልሰራህም ወንድሜ። ከሌላ ዓለም መጥቶ ከአንድ ልጅ ጋር ስለሚወዳጅ ፍጡር የሚያወራ የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም ነው፣ 1982፣ እኛም ቤት ተለቅሷል። ብዙ ወላጅ የፍጡሩን መልክ ነው የሚፈራው፣ የሐዋሳ ልጅ ግን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ አጠገቡ ሲንጎራደድ እያየ ስለሚያድግ መልክ ያን ያህል አያስደነግጠውም፣ የኔዋ እንዲያውም ኢቲ አንገቱን ሲመዝ "አባ ኮዳ!" ብላ ነው የሳቀችው። ልጅን የሚሰብረው የሚወደው ሰው ሲታመምና ሲለየው ማየት ነው። ኢቲ ነጭ ሆኖ ውሃ ዳር ወድቆ የሚገኝበት ቦታ አለ አይደል፣ እኛ ያንን እያየን እዛው ላይ መብራት ጠፋ። ልጅቷ የእናቷን ነጠላ ፊቷ ላይ ጥላ በነጠላው ውስጥ ነበር የምታየው፣ ጨለማ ሲሆን "ሞተ?" አለች፣ መብራቱ በዛው ቀረ። በሻማ ቁጭ ብዬ የቀረውን እንደ ተረት ነገርኳት፣ የደረቀችው አበባ ቀና ስትል ልጁ ኢቲ በህይወት እንዳለ እንደሚያውቅ፣ ሳይክሉ እንደሚበር፣ ሁሉንም፣ ከዛ ነው እንቅልፍ የወሰዳት። ስለዚህ ሁለት ነገር፣ አንደኛ ፊልሙን ቀድመህ ብቻህን እየው፣ ሁለተኛ ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ ሳታደርግ አትጀምር፣ ልጅ መሃል ላይ ከሚያዝን ጀግና ጋር ማደር የለበትም።

ጥያቄ፦ ስታር ዋርስ የሚባሉትን የጠፈር ጦርነት ፊልሞች በየትኛው ቅደም ተከተል?

መልስ፦ በወጡበት፣ 1977፣ 1980፣ 1983። በ1999 በወጣው ከጀመራችሁ የ1980ው ትልቅ ሚስጥር ቀድሞ ይፈነዳል፣ የኔ ልጅ እዛ ላይ ሲደርስ አፉን ከፍቶ ወደ እኔ የዞረውን አልረሳውም፣ ያንን ከልጅ መንጠቅ ያሳዝናል። የመጀመሪያው ላይ የተቃጠለ ሬሳ ለጥቂት ሰከንድ ይታያል፣ መጠጥ ቤቱ ውስጥም እጅ ይቆረጣል፣ ከ7 ዓመት በፊት ባይቸኮል። መግቢያው ላይ ወደ ላይ የሚሄደውን ፅሁፍ በሁለት አረፍተ ነገር ንገሩትና እለፉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኤሊየንም ክላሲክ ነው እያለ ነው።

መልስ፦ ክላሲክ ነው፣ ለልጅ ግን በፍፁም። 1979፣ ከሰው ደረት ቀዶ የሚወጣ ነገር አለው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ እናንተው እዩት።

ጥያቄ፦ 2001 የሚባለው (ስሙ ነው፣ ዓመቱ አይደለም) የዳይሬክተር ኩብሪክ የጠፈር ፊልም ለልጅ ይከብዳል ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ሙሉውን አዎ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፣ መጀመሪያው ላይም ረጅም ጊዜ አንድም ሰው አያወራም። እኔ ግን እየቆራረጥኩ አሳይቻለሁ፣ የተወረወረው አጥንት ወደ መንኮራኩር የሚቀየርበትንና ሰውየው ክብ ክፍል ውስጥ እየዞረ የሚሮጥበትን። ለዚህኛው ትልቅ የሚሽከረከር ጎማ የመሰለ ክፍል ነው የሰሩት፣ ጎማው ይዞራል፣ ሯጩ ሁልጊዜ ታች ነው፣ ልጄ የባጃጅ ጎማ አግኝቶ ቆርኪ ውስጡ እያስገባ ሲያንከባልል ዋለ። የወጣው በ1968 ነው፣ ሰው ጨረቃ ላይ ከመርገጡ ከአንድ ዓመት በፊት ማለት ነው፣ ይሄንን ስነግረው "ታዲያ እንዴት አወቁ?" አለኝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ማታውን ሙሉ አወራንበት።

ጥያቄ፦ የሌላ ዓለም ፍጡር ማሳየት ከእምነታችን ጋር አይጋጭም?

መልስ፦ ጥያቄውን አከብራለሁ። እኔ የምለው ተረት ነው ብዬ ነው፣ እኛም አያ ጅቦ ሲያወራ እየሰማን ነው ያደግነው፣ ጅብ ያወራል ብሎ ያመነ ግን የለም። ልጅ ተረትና እውነትን ይለያል፣ የሚምታታበት እኛ ስንሸሽ ነው። ልብሽ ካልፈቀደ ደግሞ ሮቦት ብቻ ያለበትን ምረጪ።

ጥያቄ፦ ፍላሽ ላይ አስሞልቼ ሳይ ሌላ ፊልም ሆነብኝ።

መልስ፦ ዓመቱን ጥቀስ። "ምድር ቀጥ ያለችበት ቀን" የሚባለው የ1951 ጥቁርና ነጭ አለ፣ የ2008ም አለ፣ ስማቸው አንድ ነው። የምመክርህ የ1951ውን ነው፣ ጎርት የሚባለው ሮቦት ውስጥ ከ2 ሜትር በላይ የሆነ ሰው አለ፣ ልጆቹ ይሄን ካወቁ ጉልበቱ ጋ ልብሱ ሲሸበሸብ መፈለግ ነው ስራቸው። ተኩስ ስላለው ከ8 ዓመት በላይ።

ጥያቄ፦ የኛ አገር ሳይንስ ፊክሽንስ የለም?

መልስ፦ በ2015 የወጣ ክራምስ የሚባል አለ፣ ዳይሬክተሩ ስፔናዊ ነው፣ በአማርኛ ነው የሚያወሩት፣ ዳንኤል ታደሰ ነው መሪ ተዋናዩ፣ ዳሎልም ይታይበታል። ለትልቅ ሰው ነው፣ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለውን መንኮራኩር ብቻ አሳይቻቸዋለሁ። ለልጆች በአማርኛ የተሰራ ባገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የልጅ ልጄን ነው የማሳድገው፣ እንግሊዝኛ አላውቅም፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እማማ፣ ዎል-ኢ የሚባል የ2008 ካርቱን ሰው ያፈላልግልዎት፣ የድሮ ባይባልም ለእርስዎ የተሰራ ነው የሚመስለው፣ ትንሽ ቆሻሻ ሰብሳቢ ሮቦት ነው፣ መጀመሪያው ላይ ለረጅም ጊዜ ንግግር የለም ማለት ይቻላል፣ ሁሉም በአይንና በእጅ ይገባል። እንዲያውም ህፃኑ ለእርስዎ ይተርክልዎት።

ጥያቄ፦ እናንተ የዚህ ቅዳሜ ምን ታያላችሁ?

መልስ፦ አይረን ጃይንት፣ 1999፣ ከሰማይ የወደቀ ትልቅ ሮቦትና አንድ ልጅ፣ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። አዳኞች የገደሏት አጋዘን ጋ ሁለቱም ልጆቼ ዝም ይላሉ፣ ያን ጊዜ ፖዝ አደርግና እናወራለን። ልጅቷ ለሶስተኛ ጊዜ ነው የጠየቀችው፣ ላፕቶፑን ከአሁኑ ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ።