ስለ መኪና እግር ጠይቁኝ፦ ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘር፣ ባለአራት ጎማ ሞተር

ሰላም ቤተሰብ። ጋራዥ ውስጥ ሥራዬ እግር ብቻ ነው፤ ሞላ (ጥቅል ስፕሪንግ)፣ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ቅጠል ስፕሪንግ)፣ ሾክ (ንጥረቱን የሚያበርድ)፣ ጎሚኒ (በመገጣጠሚያ መሀል ያለ ላስቲክ)፣ ቴስቲና (የመሪ ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ)። ስለ መኪና ሞተር የጠየቃችሁኝን ዘልያለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሃይሉክሴን 10 ሴንቲ ከፍ ላደርጋት አስቤያለሁ። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ 5 ሴንቲ ላይ እንድትቆም። የሃይሉክስ የፊት እግር ግራና ቀኙ ለየብቻ ነው የሚሠራው። ከፍ ባደረግካት መጠን ከዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚወጣው አክስል ያዘነብላል፤ ሲበዛበት የጆይንቱ ላስቲክ ይቀደዳል፣ ግሪሱ ይረጫል፣ አቧራ ይገባል፣ ከዚያ መሪ በጠመዘዝክ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ስትጨርስ አላይመንት (የጎማ ማዕዘን ማስተካከያ) አሠራ። ያንን የዘለለ ሰው ጎማው ባንድ ጎን ተበልቶ ነው ተመልሶ የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ሞላው ላይ ስፔሰር (ከፍ ማድረጊያ ቁራጭ) ብቻ ባስገባስ?

መልስ፦ ቁመት ታገኛለህ፣ በቃ። ሞላውም ሾኩም ያው የድሮው ነው። ለፎቶ ከሆነ ይሁንልህ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬን ሙሉ ቱሪስት ያመላለስኩ ሾፌር ነኝ። መኪናዬ ላንድክሩዘር 78 ሃርድቶፕ ናት። ዳሎል ስወርድ ጣሪያው ላይ ድንኳንና ጀሪካን፣ ኋላ ውሃ እጭናለሁ፤ ኋላዋ ቁጭ ይላል። ሶማሌ ተራ ባሌስትራ ጨምር አሉኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ጭነቱ ሁልጊዜ አለ ወይስ ለጉዞ ብቻ? ሁልጊዜ ካለ ለዚያ ክብደት የተሠራ ሙሉ ባሌስትራ ያስገቡ። አሮጌው ላይ አንድ አዲስ መደረብ አልወድም፤ ጠንካራውና የደከመው እኩል አይሠሩም፣ ባዶዋን ስትሄድ ደግሞ ወገብ ትሰብራለች። ለጉዞ ብቻ ከሆነ ባሌስትራውን እንዳለ ትተው ኋላ ላይ በአየር የሚነፋ ረዳት ያስገጥሙ፤ ሲጭኑ ይነፉታል፣ ሲያወርዱ ይቀንሱለታል።

ሾኩንም አይርሱ። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ በሚያርገፈግፍ ጠጠር መንገድ ዘይቱ ይግልና አረፋ ይሠራል፤ ያኔ ሾኩ አለ ማለት አይቻልም። ናይትሮጅን የተሞላው የተሻለ ይቋቋማል። መሞከሪያ ልንገርዎ፦ ጠጠሩን ጥሩ አድርገው ነድተው እንደቆሙ የእጅዎን ጀርባ ወደ ሾኮቹ ጠጋ ያድርጉ። እንዳይነኩ፣ ያቃጥላል። ከአራቱ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ እሱ ሥራ አቁሟል።

ጥያቄ፦ ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ አለኝ። ከፍ ካስደረግኳት ወዲህ 80 ላይ መሪዋ አልረጋ አለ፣ ግራ ቀኝ ትላለች። ጋራዡ የመሪ ሳጥን ቀይር አለኝ።

መልስ፦ ብርህን ያዝ! ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው 79 ፊቱ በሞላ ነው፣ አክስሉ ደግሞ አንድ ወጥ። ረጅም ሞላ ሲገባ አክስሉ በትንሹ ይዞራል፤ ካስተር የሚባለው ማዕዘን ይቀንሳል። መሪ ከመጠምዘዣ በኋላ በራሱ ወደ መሀል የሚመለሰው በዚያ ማዕዘን ነው። መፍትሔው ቀዳዳው ከመሀል ወጣ ያለ ጎሚኒ ነው፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ አለ። አክስሉን በጎን ከሻንሲ ጋር የሚያያዘውን ዘንግም ተመልከት፤ ከፍታው ሲጨምር አክስሉን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ይመልሰዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ መሪውን ግራ ቀኝ ያወዛውዝልህ፣ አንተ ከሥር ቴስቲናውንና የዘንጉን ጎሚኒ እይ። የላላው ራሱ ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ የባሌስትራ ሻክል (ባሌስትራውን ከሻንሲ የሚያገናኘውን ማያያዣ) ባስረዝምስ? ርካሽ ነው።

መልስ፦ 10 ሴንቲ ብታስረዝም የምታገኘው 5 ነው። ዲፈረንሻሉንም ያጋድለዋል፣ ካርዳኑ (ወደ ዲፈረንሻሉ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ) መንዘር ይጀምራል። ይቅርብህ።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ነኝ። ባለአራት ጎማ ሞተር ገዛሁ፣ አሸዋ ላይ ወገቤን ጨረሰኝ። ሾክ ልቀይር?

መልስ፦ እህቴ፣ ገና ምንም አትግዢ። ሾኩ ላይ ሞላውን የሚያጠብቅ ቀለበት አለ፤ ብዙ ጊዜ ከአንቺ ለሚከብድ ሰው ጠብቆ ይመጣል። ላላ አድርጊው። ስትቀመጪበት ከጠቅላላው እንቅስቃሴ ሲሶ ገደማ ዝቅ ካለ ደህና ነው። የጎማውንም ንፋስ እዪ፤ የዚህ ሞተር ጎማ እንደ መኪና 30 PSI አይነፋም፣ መመሪያው ላይ ያለውን ትንሽ ቁጥር ተከተዪ።

ጥያቄ፦ ብሬ ለሁሉም አይበቃም። በምን ልጀምር?

መልስ፦ በጎሚኒ። ቀጥሎ በክብደትህ ልክ ሞላና ባሌስትራ፣ ከዚያ ለሱ የሚስማማ ሾክ። ከፍ ካደረግካት የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር እግሩን አንጠልጥለህ እይ።