ስንብቱን የነገሩት እርስዎ ሲሆኑ

ጠያቂዬ፣ የቡድን መሪ ከሆኑ ገና ዓመትዎ ነው። ከ11 ባልደረቦችዎ 4ቱ እንዲቀነሱ ከበላይ ተወሰነ፤ አንድ በአንድ እየጠሩ የነገሯቸው ግን እርስዎ ነዎት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል፤ የቀሩት 7ቱም እርስዎ ሲገቡ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። «ለአመራር አልተፈጠርኩም ማለት ነው? ወደ ቀድሞ ሥራዬ ልመለስ?» ብለው ጽፈውልኛል።

አሁን ባሉበት ሁኔታ አይወስኑ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሊዮን ግሩንበርግና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ትልቅ ኩባንያ ለሠራተኞቻቸው የቅነሳ ማስጠንቀቂያ የሰጡ አለቆች ካልሰጡት ይልቅ የጤና ችግር፣ የእንቅልፍ መታወክ፣ ሥራ የመልቀቅ ሐሳብም በዝቶባቸው ተገኝቷል። የመጨረሻውን ልብ ይበሉልኝ። «ልልቀቅ» የሚለው ሐሳብ ጉዳቱ ራሱ ያመጣው ሊሆን ይችላል፤ ስለ ችሎታዎ የሚናገረው ነገር የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሰው ሲያሰናብት ምንም የማይሰማው አለቃ ነው።

ወደ 7ቱ ልምጣ። ጆኤል ብሮክነር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከቅነሳ የተረፉ ሠራተኞችን አጥንቷል። የተረፈው ሰው የሄደው እንዴት እንደተሸኘ ያያል፤ አሠራሩ ፍትሐዊ አልነበረም ብሎ ካመነ ልቡ ከሥራው ይርቃል። የጥፋተኝነት ስሜትም አለ፤ በአንዱ ሙከራው፣ አብሮት የነበረ ሰው ሲሰናበት ያየ ተሳታፊ ከበፊቱ አብዝቶ ሲሠራ ታይቷል። ስለዚህ ሳይናገር እያመሸ የሚሠራውን «እሱ እንኳ ደህና ነው» ብለው አይለፉት።

ለየብቻ ያነጋግሯቸው። ሰዎቹ በምን መመዘኛ እንደተመረጡ፣ እርስዎ የወሰኑት የቱን እንደሆነና የቱን እንዳልሆነ፣ መናገር የተፈቀደልዎትን ያህል ይንገሯቸው። የማያውቁትን «አላውቅም» ይበሉ። «ከእንግዲህ ቅነሳ የለም» ብለው ግን ቃል አይግቡ፤ በእጅዎ ያለ ነገር አይደለም። «እናንተ ተርፋችኋል፣ ተመስገን በሉ» ማለትም ያስቆጣል፤ የከበዳቸው እኮ መትረፋቸው ነው።

ከሁሉ አጥብቄ የምለምንዎት ግን ይህን ነው። የ11 ሰው ሥራ በ7 ሰው ጫንቃ ላይ እንዳይቀር። የሥራዎቹን ዝርዝር ይዘው አለቃዎ ዘንድ ይግቡና «የትኛው ይቁም? የትኛው ይዘግይ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ቡድንዎን በቃል አጽናንተው ሸክሙን እንዳለ ከተዉት፣ ማጽናናቱን ማንም አያምንዎትም።

ለ4ቱ፣ የድርጅቱ ደንብ ካልከለከለ፣ ይደውሉ። ይቅርታ ለማግኘት ብለው ከሆነ ግን ይቅር፤ ሥራ ላጣ ሰው ሌላ ሸክም መጨመር ይሆናል። የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉላቸው፤ ክፍት ቦታ ሲሰሙም ይጠቁሟቸው።

እንቅልፍ ማጣቱ ለሳምንታት ከቀጠለ ሐኪም ያማክሩ። ውሳኔውን ለጥቂት ወራት ያቆዩትና፣ ሲረጋጉ ከቅነሳው በፊት የነበሩትን ወራት መለስ ብለው ያስቡ። ሰው ማሠልጠኑ፣ ሥራ ማከፋፈሉ፣ ስብሰባ መምራቱ ደስ ይልዎት ነበር? ያኔም ይከብድዎት ከነበረ፣ ወደ ባለሙያነት መመለስ አያሳፍርም፤ ማመልከቻውን አብረን እንጽፈዋለን።